ከሠላሳ አምስት በታች

ሐምሌ ነው፣ ሮብ ነው፣ ገበያው ተፈታ፤
መብራት ከጠፋ እንኳ ዛሬ አምስተኛ ማታ።
ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ ኩራዝ ለኩሻለሁ፣
መዝገብ እሞላለሁ ጣቴን እያሻሸሁ።

በሩ ተደበደበ። አራት ሰው፣ ቃሬዛ፤
ቃሬዛው ላይ አንማው፣ እንደ አለት ቀዝቃዛ።
ያስታ ሜዳ ሰው ነው፣ የድንች ነጋዴ፤
ልጁን ሰኔ ላይ ነው የከተብሁት አንዴ።

ምን ሆነ? ብላቸው ሁሉም ባንዴ አወሩ፤
እየነቀስሁ ያዝሁት ነገሩን ከሥሩ።
ሮብ ጾም ነውና እህል አልቀመሰ፤
ጮቄን ሽቅብ ሲል ጋቢው ረሰረሰ፤
በረዶ ነው ያሉኝ፣ ከበረዶው ኋላ
ነፋስ ተከተለው፣ ጅብራ የሚነቅል።
ባዶ ሆድ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ነፋስ። አንዱ ብቻ ቢሆን
ሰው ይመልሰው ነበር፤
ሦስቱ ሲማከሩ ይከፍታሉ በር።

መጀመሪያማ ክፉኛ ተንዘፍዝፏል፤
ጥርሱ ሲንገጫገጭ በቅሎዋን አስደንብሯል።
ያ ደግ ነበረ፤ መንዘፍዘፍ ማለት
ገላ እንጨት ሲፈልጥ ነው ሊያሞቅ የራሱን ቤት።

ኋላ አፉ ተሳሰረ፣ ስም ይደባልቃል፤
በቅሎዋን በሚስቱ «እናትነሽ» ብሏል።
ሳቁና አረቄ ሰጡት፣ ይሙቀው ብለው፤
አረቄ እንደሆነ የጓዳ ሌባ ነው፣
የልብን ጥቂት ፍም ከቆዳ አውጥቶ
ለነፋስ ያድላል በሩን ወለል ከፍቶ።

ከዚያ መንዘፍዘፉ ቀጥ አለ። «ተመስገን፣
ተሻለው» አሉ። እኔን እዚህ ላይ ብርድ ያዘኝ።
እንጨቱ አለቀ እንጂ ፈላጩ መች ዳነ፤
ዝም ያለ ምድጃ አመድ እየሆነ።

አፋፉ ላይ ሲደርስ «ሞቀኝ» አለ አንማው፤
ጋቢውን ጣለው፣ ቀጥሎ ሸሚዙን፣ ቀጥሎ ቁምጣው።
ዛር ነው ያለ አለ፣ ጋኔን ነው ያለ አለ፤
አሁኑኑ ጠበል ይግባ ተባለ።
ቄስ ገዳሙ ግን «ጠበሉ አይሸሽም፤
ይህ ሰው ዛሬ ማታ ሌላ ውኃ አያሻውም»
ብለው ላኩት ወደኔ። ዕድሜ ይስጣቸው።

ብብቱ ሥር አገባሁ ቴርሞሜትሬን። ጠበቅሁ።
ሜርኩሪው አልነቃም። አራገፍሁ። ደገምሁ።
ከሠላሳ አምስት ነው የሚጀምር ቁጥሩ፤
ከዚያ በታች ላለ አልተሠራም መስመሩ።
የሠራው ሰው ምናልባት ከሞቀ አገር ነው፤
ከዚያ በታች ሰው አለ ብሎ መች አሰበው።

እርጥቡን ገፈፍሁት። «እሳት አምጡ!» «እሹት!»
ተዉ አልሁ። ልቡ ድንጉጥ ነው፤ እንደ ዕንቁላል ያዙት።
ሰውን የሚያሞቀው ሰው ነው፣ ገላ ለገላ፤
ማን ይገባል አብሮት ባናው ውስጥ? ማን አለ ሌላ?

ዝም። እናትነሽ ሩቅ ናት፣ ከሸንተረሩ ማዶ።
ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ጫማው ሙሉ በረዶ፣
ሸሚዙን ፈታ።
አበጀ ነው፤ የእናቱ ልጅ።
ባንዲት ትልም ወሰን ሰባት ዓመት ሙሉ
እንደሚካሰሱ ያውቃል አገር ሁሉ።
ምንም አልተናገረ። ባናው ሥር ገባና
ደረቱን ከደረቱ ገጠመው።
«ይኸ ጅል፣ ድንጋይ ሆኗል እኮ» አለ፤
አለና የሱ ጥርስ መንገጫገጭ ያዘ።
ተራው የሱ ሆነ እንጨት መፍለጡ፣
ለሁለት ቤት።

ኩራዙን ሁለት ጊዜ ጋዝ ሞላሁት።
ዶሮ ሲጮኽ አንማው ትከሻው ሰበቅ አለ፣
ቀጥሎ አገጩ፣ ቀጥሎ መላ ሰውነቱ
እንደ ገለባ ይርገፈገፍ ጀመር። እልል ልል ቃጣኝ።
ስኳር የበዛበት ለብ ያለ ውኃ በማንኪያ ሰጠሁት፣
መዋጡን አይቼ።
ሠላሳ አምስት ከሁለት። ሜርኩሪው ተነሣ።
ዐይኑን ገልጦ ያየው ወንድሙን ነው፣ ካፍንጫው ሥር፤
ዞር አለ፣ ወደኔ፦ «በቅሎዋስ?» አለኝ።

በነሐሴ ደግሞ ችሎት ቆመዋል አሉ፣
በዚያችው ትልም።

ተቆጣጣሪው መጥቶ መዝገቤን ገለጠ፤
«ሲገባ የነበረው ሙቀት» የሚለው ላይ ጣቱን አስቀመጠ።
«ይኸ ለምን ባዶ ቀረ?» ሲል ጠየቀኝ።
ቁጥር የለውም፣ አልሁት።