ሠላሳ ሁለተኛው

ክፍላችን አዘዞ ነው፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲይዘው ትምህርቴ የማይገባ።
ሠላሳ ሁለት ወንበር፣ ሠላሳ አንድ ንፍጥ፣
አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ቀለሙ የሚላጥ።

«ሀ»ን በእንጨት ስነካ፣ ኢዮስያስ ፈጠን ብሎ፣
«ኩባያ ነው» ይላል፣ «ውሃው አልቆ፣ ቀሎ።»
«ሁ»ንም ሳሳየው አልቸገረውም ከቶ፤
«ያው ኩባያው ነው ቲቸር፣ ይኸው ጆሮ አውጥቶ።»
መ መነጽር ሰክታለች። ሠ ደግሞ ሹካ፣
እናቱ ለእንግዳ የምታወጣት፣ እሱ እንዳይነካ።
«ቀ ግን ተቆጥታለች» አለች ዘቢደር፣
«ወገቧን ይዛለች፣ ልክ እንዳንቺ ቲቸር።»
እጆቼን ከወገቤ ቀስ አድርጌ አወረድሁ፤
ወደ ሰሌዳው ዞሬ በጀርባዬ ሳቅሁ።

ኅዳር ላይ ግንቡን ልናይ ፒያሳ ወጣን፣
እንደ መቁጠሪያ እጅ ለእጅ ተሰክተን።
«ጣራው የት ገባ?» አለ ሙባረክ አንጋጦ።
«ንጉሡ አደገና» አለች ናርዶስ፣ «ወጣ በራሱ ገልብጦ።»
አስጎብኚው ትንሽ አሰበ። አላረማትም።

የአንበሳው ቤት ጋ ደረስን። ብረቱ ዝጓል፤ ውስጡ ሣር።
«አንበሳውስ?»
«ድሮ ነበር» አልሁ።
ድሮ ለእነርሱ ሰፈር ነው፣ ከቆላድባ ወዲያ ያለ፣
ባጃጅ ኮንትራት የሚወስድ፣ ሒሳቡ ከተከፈለ።

ሰኞ ስም ስጠራ ባምላክ እጁን አወጣ፤
«አንዱን ረሳሽው ቲቸር። አንበሳው መጣ።»
ከኋላ፣ ባዶው ወንበር ላይ። ሌሊቱን በእግሩ መጥቶ፣
ምሳ ዕቃ ስላልያዘ አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ምን ላድርግ? መዝገብ ላይ ጻፍሁት፣ በእርሳስ።
«አንበሳ?» ስል፣
«አቤት!» አሉ በአንድ አፍ።
«አንበሳ አቤት አይልም!» ኢዮስያስ ተናደደ፣ «ያገሣል እንጂ!»
አገሡ።
ባጃጅ የሚያጥቡት ልጆች በመስኮት ሊያዩን ተጋፉ።

ከዚያ ተቆጣጣሪው መጡ ከነከረባታቸው፣
ከነወፍራም ፋይላቸው፣ ከነማሳላቸው።
ፀሐይ አድክሟቸዋል፣ ወንበር ፈለጉና፣
ከኋላ ያለውን ያን ባዶ አዩና፣
ሊቀመጡ ሲሉ...
«ጋሼ! አንበሳው ላይ!»

ጋሼ ቀሩ በግማሽ፣ ጉልበት እንደታጠፈ፤
ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣና አለፈ።
ወንበሩን አዩት። እኔን አዩኝ። እኔ ጣራ አየሁ።
«ይቅርታ ጌታው» አሉ፣ ለወንበሩ፣
ደወል እስኪደወል ቆመው ጻፉ።
ባምላክ ጠጋ ብሎ ክንዳቸውን ነካ፤
«አይፍሩ፣ ጠግቧል። ቂጣዬን ሰጥቼዋለሁ።»

ሪፖርቱ በሳምንቱ ደረሰን፣ ማኅተም ተመቶበት፦
መስኮቱ ይጠገን። የጠመኔ እጥረት።
መምህርቷ ድምጿን ከፍ ታድርግ።
የተማሪ ብዛት፦ ሠላሳ ሁለት።

ማታ ብቻዬን ስጠርግ ሁሉንም ወንበር አነሣለሁ፣
ያንን ግን ዞሬ አልፋለሁ።
ትናንት ከሥሩ ቁራሽ ቂጣ አገኘሁ፣
ዳር ዳሩ የተበላ።
«አይጥ ነው» አልሁ ጮክ ብዬ፣
ማን እንዲሰማኝ እንደሆነ ሳላውቅ።