ባለ አንድ መስመር አንቀጽ

በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ፣ ጉም በማይለቃት መንደር፣
የማታ ኮሌጅ ገባ ሊአንደር፤
ሃምሳ ስድስት ዓመቱ፣
መዳፉ በገመድ የታረሰ፣ ትከሻው የጎበጠ እንደ አባቱ፣
ብዕር ሲይዝ የሚያፍረው፣
በጣቶቹ መሀል እንደ ስንጥር የሚሰውረው።

የቤት ሥራው እንዲህ ይላል፦ «ዓሣው ለምን ጠፋ? በሦስት ገጽ ይብራራ።»
ሊአንደር ሁለት ቃል ጻፈ፦ «ዓሣው አለቀ።» ሌላ ምን ያውራ?
አራት ነጥቡን አሳረፈ፤
ወረቀቱን ለመምህርቷ አሳለፈ።

ዩና ሃይንስ ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀይ ቀለም የማትወድ፣ በእርሳስ የምታርም፣
ከዳር ጻፈችለት፦ «በምን አወቅህ?» ሌላ አልጨመረችም።
ሲመጣ ግን ነገረችው፦ «ይህ ኃይለ ቃል ነው፤ ራስ አለው፤
አካሉስ? እጅ እግሩን የት ጣልከው?»
«ልጄ» አላት፣ «እዚህ ይህን የማያውቅ ማን አለ?
ያየነውን ማስረዳት ለማን ተባለ?»
«ባሕር አይቶ ለማያውቅ፣
ቃልህን ሰምቶ ማስረጃ ለሚጠይቅ።»

(አንቀጽ በግዕዙ በር ነው፣ ይላሉ ሊቃውንት ሲፈቱ፤
የሊአንደር ግን ቆሞ የቀረ መቃን ነው፣ ገና አልተሠራም ቤቱ።)

ማክሰኞ ሌሊት፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተክዞ፣
እርሳሱን እንደ ጩቤ ይዞ፣
«ዓሣው አለቀ፣ ምክንያቱም» አለ፤
እዚያው ቃሉ ላይ ተንጠለጠለ።
«ምክንያቱም» ከባድ ናት፣ ወርውረህ የማትተዋት፤
መልሕቅ ናት፣ ጭቃውን እስክትነክስ ገመድ የምትጨምርላት።
ጻፈ፦ «አባቴ መረብ ሲስብ ጀልባዋ በጎኗ ታጋድል ነበረ፤
በእኔ እጅ ግን እርጥብ ገመድና የባሕር ሣር ቀረ።»

አሁንም እርሳስ፦ «ጥሩ ማስረጃ ነው። ምን ይመሰክራል ታዲያ?
መረቡን አሳየኸኝ፤ የታለ ወደ ሐሳብህ ማለፊያ?»

ተናደደ። ሁለት ሳምንት ቀረ።
የጎረቤት ጣሪያ ሲጠግን ሰነበተ፣ ሚስማር ሲመታ ከረመ፣ ብቻውን አጉረመረመ፣
አንድ ቀን መሰላል ላይ እንዳለ፣
«አንዷ ጣውላ የሌላዋን ጫፍ ካልደረበች ውሃ ይገባል» አለ።
ማንም አልሰማውም። እሱ ግን ራሱን ሰማ፤
ወርዶ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሚስማሩን ከአፉ ሳያወጣ፣ በዚያው ጨለማ።

ከሣጥን አወጣ የአባቱን የሚዛን ደብተር፤
ዓመት በዓመት ሲቀጥን ታየው ቁጥር በቁጥር።
ገለበጠው። ከሥሩም «ትልልቆቹ መርከቦች» አለ፣ «በክረምት፣ እንቁላል በሚጥልበት፣
ከወለሉ ጠረጉት» — እስከዚህ መንደሩ ሁሉ የሚስማማበት።
ቀጥሎ «ስለዚህ» መጣች። ርኅራኄ አታውቅም እሷ፤
መንጠቆ ነው ምላሷ።
«ስለዚህ ባነሰን መጠን፣ ወንድሜ ክላይቭና እኔ፣
የመረባችንን ዓይን አጠበብን። ጫጩቱንም ያዝኩ። እኔ።»

እርሳሱን አስቀመጠ። ይህን ሊል አልነበረም አመጣጡ፤
ዓረፍተ ነገሮቹ ናቸው፣ እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ፣ ይዘውት የመጡ።
ክላይቭ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ይህን ለማንም አልተናገረም፤
ሊሰርዘው ላጲስ ፈለገ። ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ዩና አንቀጹን አነበበች፣ ሁለት ጊዜ፤
እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች፣ በትካዜ።
የሷም አባት ከማዶው ወሽመጥ መረብ ይጥል ነበር፤
ስለ መረቡ ዓይን ግን፣ እሷ እስከምታውቀው፣ አንድም ቀን አይናገር።
ከአንቀጹ በታች፣ ባዶ ቦታ ተትቶ፣ ብቻዋን የቆመች አለች፦
«ዓሣው አለቀ።» ያችው የጥንቷ፤ ተመልሳ መጣች።
ደንቡን ታውቃለች ዩና፦ አንድ መስመር አንቀጽ አይባልም፤
ስታስተምረው የኖረች ራሷ ናት፤ አይካድም።
እርሳሷን አወረደች፣ ቃሉ ላይ አስጠጋች፣
ቆየች፣
ተወች።

ሰባ አራት ከመቶ ሰጠችው።
የፊደል ግድፈቱ ብዙ ነበር፤ ሊአንደርም ነገ መጥቶ ሊከራከር ነው።