አንዷን ተዋት

ዳቤ ውስጥ፣ ከወፍጮው ኋላ፣ ጋሪ በማይዞርበት፣
ወደ ጎረቤቱ ያጋደለ ነበር አንድ የጭቃ ቤት፤
ወሬ እንደሚሰማ፣ ጆሮውን ወደዚያ ጥሎ፣
የአዳማን ነፋስ ሠላሳ ዓመት የቆመ አዘንብሎ።

የእትዬ ደብሪቱ ነው። ካርታው በስሟ ነው፣ ማኅተም አለበት፤
የብስኩት ጣሳ ነው የሚቀመጥበት።
ቀበሌ ብትሄድ፣ «አንቺማ ቤት አለሽ፤
ቤት የሌለው ይቅደም፣ አንቺ ምን ጎደለሽ?»
ባንክ ቤት ብትሄድ፣ «ደሞዝሽ የት አለ?»
ጣሳዋን ከፈተች፤ ካርታው ዝም አለ።
እንዲህ ነው መሐል ላይ ሰው ተንጠልጥሎ የሚቀረው፤
ሀብታም ፊት ድሃ ነው፤ ድሃ ፊት ያለው።

አምና በክረምቱ ወጣቶች መጡላት፣
ካናቴራቸው አንድ፣ ሁለት ባልዲ ቀለም ይዘውላት።
ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ላባቸው እውነት ነው፤
የፊቱን ግድግዳ ሰማያዊ ቀቡት፣
ፎቶ ተነሡ እሷን መሐል አድርገው።
ጓሮው ጋ ሳይደርሱ በጀቱ አለቀ፤
ቤቱም አዲስ ቀሚስ እንደለበሰ፣ ውስጡን ለቄስ ብሎ፣
በምስጥ ጥርስ ደቀቀ።

እኔ የሌንጅሶ ጭቃ አቀባይ ነኝ።
ሌንጅሶ ሜትር አያምንም፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚለካ፤
ሲሠራ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ከተቋረጠ፣ አንድ ነገር ተነካ።
ገባና የመሐሉን ምሰሶ በጥፍሩ ወጋው።
ጥፍሩ ሰመጠ።
ፉጨቱን ዋጠው።

«ስንት ነው?» አለችው፣ የሻሿን ጫፍ ፈታ፤
ሦስት መቶ ብር ነበረች፣ ላብ የጠጣች፣ ተጣጥፋ ተኝታ።
«እንጨቱን ከቻልሽ ግዢ፤ አሮጌም ይሁን፣ ግድ የለም።
የእጄን በየሳምንቱ ሃምሳ፤ ካጣሽ ንገሪኝ፣ አልጣላሽም።»
«ነጻ እንዳይሆን» አለች።
«ነጻ አላልኩም» አለ።

ሰማና የእድሩ ዳኛ፣ ሦስት የድንኳን ቋሚ አሸክሞ፣
«ለለቅሶሽ ከምናወጣው፣ በቁምሽ ይጥቀምሽ» አለ፣ ደጇ ላይ ቆሞ።

እሑድ ጠዋት ከሲኖትራክ ሾፌር ክሪክ ተዋስን፤
ድንጋይ አነጠፍን፣ ከወራጁ ሥር ደገፍን።
እኔ እጀታውን ያዝኩ፤ እሱ ቤቱን በጆሮው።
«አንዴ... ቁም... አንዴ...»
ቤቱ አቃሰተ፣ ከበርጩማ እንደሚነሣ ሽማግሌ፤
አንድ ጣት ብድግ አለ።
አፈር ፊቴ ላይ፣ ጭድ ቅንድቤ ላይ፣ ምስጥ አንገቴ ሥር።
ሌላ ጣት።
ያን ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዘጠኝ ዓመት እምቢ ያለው በር
ቀስ ብሎ ከመቃኑ ገጠመ፣ እንደ ሁለት ከንፈር።

ከሰዓት ጣራ ላይ ወጣሁ፣ ሬንጅና ቡትቶ ይዤ፣
በሆዴ ተጋድሜ፣ በቆርቆሮው ግለት ደንዝዤ፣
የሚስማር ቀዳዳ ስደፍን፣ ቀዳዳ ስቆጥር፣
እሷ ከታች ሆና በመጥረጊያ እንጨት ትጠቁመኝ ነበር፦

«ያቺ የሁለት ሰዓት ናት፤ አልጋዬ እግር ላይ ነው የምትወድቅ።
ያቺ የስኳር ኪኒኔ ናት፤ ወለሉ መሐል ትላለች ድርቅ።
ያቺ ደግሞ...» አለች።
ዝም አለች።
«ወልደየስ ፈረቃ ጨርሶ ከባቡር ጣቢያ ሲወጣ
ደፉ ላይ ትደርሳለች፤ ከእሷ ኋላ ነበር ሳሉ የሚመጣ።
አንዷን ተዋት።»

«ዝናብ ይገባል» አልኩ።
«ጣሳ አለኝ» አለች።
ሌንጅሶ ከታች ፉጨቱን አቆመ።

በሳምንቱ፣ ለሃምሳ ብሯ ስንሄድ፣ ዶፍ ነበር፤
ግድግዳው ቀጥ ብሏል፤ ጎረቤቱን ትቶ
የራሱን ዝናብ ያዳምጥ ነበር።
ካርታው ትራስ ሥር ተዛውሯል፤ የብስኩት ጣሳው ደፉ ዳር
ጠብ... ጠብ... ይላል።
ሌንጅሶ ደብተሩን አወጣ፣ እርሳሱን በምራቁ አራሰ፤
«ያላለቀ ሥራ፦ አንድ ቀዳዳ» ብሎ ጻፈ፣
ከሒሳቧም ላይ ሠላሳ ብር ቀነሰ።