የጎደለው አግዳሚ

ምስማር ልነቅል ነው የሄድሁት፥ ጣራ ልከድን፤
ታሪክ አልነበረም የጠሩኝ ለማዳን።

ከካንሳስ ሜዳ ላይ፥ ስንዴው ከሚያልቅበት፥
አንድ ክፍል ብቻ ነው፥ የኖራ ድንጋይ ቤት፤
ከበሩ ጉበን ላይ መሮ የጻፈበት፦
ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመት።
በሩ በጭድ ታፍኗል፥ መስኮቱ በጣውላ፥
በጭስ መውጫው ጉሮሮ ርግብ እንቁላል ጥላ፤
ሰባ ዓመት ሙሉ የድርቆሽ ጎተራ፤
ፊደል የሚቆጥር አይጥ ብቻ በተራ።

ኮሚቴው አምስት ነው፤ ሁሉም ጡረተኛ፤
ላቪና ክሬቢል ናት የደወሉ ተረኛ።
ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ዘጠኝ ዓመት ነበራት፤
በማግስቱ ደወለች፤ ማንም አልመጣላት።

ድርቆሹን ጠረግን፥ ሦስት ቀን ፈጀብን፤
በአራተኛው ጠዋት ወለሉ ታየን።
የጣውላው ወገብ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር፤
ከበር እስከ ሰሌዳ ጫማ የላገው ነበር፤
እኔ በመላጊያ እንዲያ አላሳምር።

አግዳሚ ቆጠርሁ፤ በስተግራ አምስት፤
በስተቀኝ አራት። ደገምሁ። አሁንም አራት።
ከምድጃው አጠገብ ሦስተኛው ላይ ክፍት፤
አራት የእግር ቦታ፥ አራት ቀዳዳ፥
እንደ ወለቀ ጥርስ ድዱን ያሳየ ሜዳ።

«ግድ የለም» አልኋቸው፥ ሜትሬን ዘርግቼ፤
«አሮጌ ኦክ አለኝ፤ አመጣለሁ ሠርቼ፥
ቀለም አጠጥቼ፥ በሰንሰለት መትቼ፥
ማንም እንዳይለየው መቶ ዓመት አስረጅቼ።»
ገንዘብ ያዡ ሜርል ቼኩን ሊፈርም ሲል
ላቪና ከዘራዋን ከወለሉ ላይ ጣል —

«ጥር ነበር» አለችን፥ «አያቴ ሰባት ዓመቱ፤
ከምድጃው አጠገብ እዚያ ነው መቀመጫ ቤቱ።
መምህርት ኦርፋ ቲንደል አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል፤
ነፋሱ ከሰሜን ሰማይና ምድር ደባልቋል።
የከሰል መጋዘኑ ከበሩ አሥር እርምጃ፤
አሥር እርምጃ ነው ሞት፥ ሕይወት አንድ ምድጃ።
መጀመሪያ ወንበሯን፥ የራሷን፥ ሰበረች፤
ቀጥሎ የካርታውን ሳንቃ ማገደች፤
መጻሕፍቱን አየች፥ ረጅም አየችና
ወደ አግዳሚው ዞረች፥ መጥረቢያ አነሣችና።
ልጆቹን ታስሮጣለች በምድጃው ዙሪያ፥
ማባዣ እያስባለች፥ ለእንቅልፍ ማባረሪያ፤
ሰባት ጊዜ ሰባት! ሰባት ጊዜ ስምንት!
ሲነጋ አሥራ አንድ ልጅ ቆጠረች በሕይወት።»

«ታዲያ» አልኋት እኔ፥ «ለዚህች ልጅ ክብር
አግዳሚው ቢተካ ምን ነውር ነበር?»

ከቦርሳዋ አወጣች አንድ የቆዳ መዝገብ፥
መነጽሯን አወረደች፥ ጀመረች ለማንበብ፦
«የካቲት። አንደኛ፥ ለጉድጓዱ ገመድ መግዛት፤
ሁለተኛ፥ የወንዶች ሽንት ቤት በር ማበጀት፤
ሦስተኛ፥ መምህርት ቲንደል ላጠፋችው ንብረት፥
ላንድ አግዳሚ፥ ሁለት ዶላር ከሩብ ከደመወዟ ይቆረጥባት።»
«ስለ ልጆቹስ?» አልኋት።
«ስለ ልጆቹ አንድም ቃል የለበት።»

መዝገቡን ከደነች። ጭድ ከቀሚሷ አራገፈች።
«ያ ክፍተት» አለችኝ፥ «ባለቤት አላጣም፤
ገዝታዋለች ኦርፋ። የምንሞላው የለም።»

ሜርል ቼኩን አጠፈው። እኔም ሜትሬን።
በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣራውን ከደንን።
«የደወሉ ገመድ» አለችኝ፥ «ዝቅ ይበል፤
ዘጠኝ ዓመት የሆነው ሳይንጠራራ እንዲደውል።»

ማታ ሒሳቤን ጻፍሁ፥ መሪው ላይ አስደግፌ፥
የመኪናዬን መብራት አብርቼ፥ እርሳሴን በቢላ ቀርፌ፦
ለጣራ፥ ሁለት መቶ ዘጠና ጣውላ። መስኮት፥ ስድስት።
የበር ማጠፊያ። ኖራ። ገመድ፥ ዐሥራ አምስት ክንድ።
አግዳሚ፥ አንድ።
ዋጋው፦ ቀደም ብሎ ተከፍሏል።