የወንዝ አፍ

ከዋናው ፖስታ ቤት ደረጃ ግርጌ ነው የጋሽ ብርጋ ሱቅ፤
ሱቅ ካሉት፦ ሁለት ሳንቃ፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ፣
የማይላክ ፖስታ፣ የማይገዛበት ሳንቲም፣
በላስቲክ የታሸገ ቴምብር፣ መንግሥቱ የቀረ ድሮ።

እኔ ረዳቱ ነኝ። አቧራ አራግፋለሁ፣
ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ አለብሳለሁ፣
ጋሽ ብርጋ ምሳ ሲወጣ ዋጋ እሰቅላለሁ።

ያ ፖስታ እኔ ስቀጠርም እዚያው ነበረ፣
ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ መሐሉ የጠቆረ፤
ውስጡ ባዶ። ደብዳቤውን ማን እንደወሰደው እንጃ።
ጀርባው ላይ የጅቡቲ ማኅተም፣
ፊቱ ላይ በቀጭን እጅ፦ «ለሙሴ ጋራቤድ፣ ሻይ ነጋዴ፣ አራዳ»፣
ከጥጉ ደግሞ አንድ ክብ፣ ቀለሙ የፈሰሰ፣
ጋሽ ብርጋ በጣቱ እየተከተለ የሚቆጥረው፦
«ሀን... ኮው።»

«የት ነው?» ይሉታል።
«የእንኮይ አገር» ይላል፣ ፊቱን ሳይፈታ።
ካርታ ይዞ የመጣ አንድ መምህር ነበር፣
ሦስት ቀን ተመላልሶ በሦስተኛው የተቆጣ፦
«የሌለ ከተማ ፖስታ እንዴት ሦስት ሺህ ያወጣ?»
«የሌለው ነው የሚወደድ» አለው ጋሽ ብርጋ፣
«ያለውማ ምን ዋጋ!»

ሐምሌ ነው፤ ማክሰኞ፤ ካፊያው ሲጀማምር፣
ከሕንጻ ሥራ አንድ ቻይናዊ መጣ፣ ሄልሜቱን ሳይፈታ።
ፋንግ ይሉታል። አማርኛው የሲሚንቶ ነው፦
«ቶሎ»፣ «ጨምር»፣ «ነገ»፣ «ማታ»።
ለእናቱ የአንበሳ ቴምብር ፈልጎ ቆርቆሮውን ሲያገላብጥ
ያን ፖስታ ብድግ አደረገው።
አስቀመጠው።
እንደገና ብድግ።

«ይሄ ስም የለም» አለ። «እኔ እዚያ ተወለድኩ።»
ጋሽ ብርጋ ቱግ አለ፦ «ከሌለ እንዴት ተወለድክ?»

ልጁ ሳንቃው ላይ የነጠበውን ካፊያ በጣቱ እየሳበ
አንድ ትልቅ ወንዝ አወረደ፣ አንድ ትንሽ ጨመረበት፣
ሦስት ጠብታ፣ ሦስት ከተማ፣ ዳር ለዳር ደረደረበት።
«አሁን አንድ» አለ፤ ሦስቱንም በመዳፉ አበሰ።
ከዚያ አፉን ከፍቶ ከንፈሩን ነካ፦
«ሀን፣ ወንዝ። ኮው፣ ይሄ። ይሄ ምንድን ነው?»
«አፍ» አልኩት።
«አፍ! የወንዝ አፍ።»
ማኅተሙን ጠቆመ፦ «ይሄ ፈረንጅ ጻፈ። የፈረንጅ ጆሮ።»

ፎቶ አንስቶ ወደ አገሩ ላከው። ዝም ብለን ቆምን፣
ካፊያው በጃንጥላው ላይ አተር እየቆላ።
ስልኩ ጮኸ። የሽማግሌ ድምፅ፣ በሳል መሐል ሳቅ፣
ያችን ቃል ሁለት ጊዜ ስትመጣ ሰማናት፣
እንደ ማኅተሙ አልነበረችም፤ አጠር፣ ሞላ ያለች፣
ከጉሮሮ ስትወጣ ገና ትሞቅ ነበር መሰለኝ።
«አያቴ ነው» አለ ፋንግ። «ጠዋት ገበያ እዚያ ሄድኩ፣ አለ።
ጎመን ተወደደ፣ አለ።»

ጋሽ ብርጋ ፖስታውን ተቀበለው፣ በእጅጌው ጠረገው፣
ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፣ እንደ አዲስ ሰው።
«ከተማው ካለማ» አለ፣ «አምስት ሺህ ነው።»

ፋንግ እየሳቀ አንበሳውን ብቻ ገዛ።

አብረን ወረድን በቸርችል። ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ሚኒባስ፣
ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ፦ «ለገሀር! ለገሀር! አንድ ሰው!»
«ለገሀር ምንድን ነው?»
«ባቡር ጣቢያ።»
«ባቡር አለ?»
«ድሮ። አሁን ከከተማ ውጪ ነው የሚቆመው።»
ከዚያ ልንገረው ብዬ ጀመርኩ፦ ቃሉ የፈረንሳይ ነው፣
ጣቢያ ማለታቸው ነው፤ እኛ በሰማነው አልነው፣
«ለገ» ደግሞ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፣ እና ጆሯችን...
«ወንዝ አለ?» አለኝ፣ ቁልቁል እያየ።
የሚታየው አስፋልት ነው። ጎርፍ የያዘው ፌስታል።

እዚህ ነው የወረደው፣ አልኩ በልቤ፣ ያ ፖስታ፣
ከወንዝ መርከብ፣ ከባሕር መርከብ፣ ከፉርጎ፣
ሙሴ ጋራቤድ በር ላይ፣ ስለ ሻይ ዋጋ ይሁን ስለ ምን፣
ወሬውን ጥሎ ልብሱን ብቻ የቀረ።

«ለገሀር?» አለ ፋንግ ለረዳቱ፣ አፉን ሞልቶ፣
ገ'ዋን ትንሽ አጥብቆ፣ ረ'ዋን ወደ ለ ጎትቶ።
«ግባ!» አለው ልጁ፣ ቃሉን እንኳ ሳያርመው።
አንድ ወንበር ነበር፤ ሁለት ሆነን ተጠጋጋንበት።