የውዴታ ግዴታ

ፋይሉ ቀጭን ነበር፣ ሽፋኑ የነጣ፣
ደሴ፣ ከሆጤ በላይ ካለው ዳገት የመጣ።
አመልካች፦ ይመር ሙሄ፣ የብረታ ብረቱ፤
«ከመኖሪያ ወደ ንግድ ይዙርልኝ መሬቱ።»

እኔ ያኔ ጀማሪ፣ የፕላን ክፍል ሠራተኛ፣
ከሰው ይልቅ ማስመሪያ የማምን፣ የልኬት ምርኮኛ።
ማመልከቻውን ስገልጥ ከሥሩ ሌላ ወረቀት፣
በገዛ እጁ የጻፈው፣ ሰማያዊ ቀለም ያለበት።

ደንብ አላዘዘውም። ጎረቤት አልከሰሰው።
ኮሚቴም ስብሰባ ጠርቶ አልወቀሰው።
ራሱ ነው፦

«ከሦስት ፎቅ በላይ አልወጣም።
ከኋላ አራት ሜትር አላጥርም፤ የእድሩ ድንኳን ቦታ አያጣም።
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ወዲያ ጄኔሬተር አላስነሳም።
አርብ በዙህር፣ እሑድ በቅዳሴ፣ የጭነት መኪና አላቆምም።
የሰዓት ሠሪው መስኮት የጧት ፀሐዩን አልቀማም።»

ሰዓት ሠሪውን፣ ልሳኑን፣ አውቀዋለሁ።
አንድ ዓይኑ ላይ ጥቁር ማጉያ ሰክቶ፣
ፀሐይ ከአዝዋ ገደል ብቅ ስትል
ከጤፍ የሚያንስ ጥርስ ከጥርስ ጋር ያስታርቃል።
መብራት በጠፋ ቀን
(የማይጠፋበትስ ቀን የቱ ነው?)
አምፖሉ ያ መስኮት ነው።

«ለምን አያ ይመር? ደንቡ አምስት ይፈቅዳል፤
በገዛ እጅ እጅን ማሰር ምን ይረባል?»
«ልጄ፣ ዛሬ እጄ ባዶ ነው፣ ዛሬ እራራለሁ፤
ኪራይ መቁጠር ስጀምር ማን እንደምሆን ምን አውቃለሁ?
ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ቁመት ይጨምራል፤
ጎረቤቱን ቁልቁል ሲያየው ጉንዳን ያክልበታል።
ለዚያ ለማላውቀው ይመር ነው ይህን ልጓም የምሠራው፣
አደራ፣ ማህተሙን ጠበቅ፤ ሲመጣ እንዳይፍቀው።»

መታሁበት።

ሕንፃው ወጣ። ምድሩ ላይ ሦስት፣ ልክ እንደ ቃሉ።
ጣሪያው ላይ ግን፣ አየሁት ከጦሳ በኩል ስወርድ፣
ከየዓምዱ ጫፍ ፌሮ ቀርቷል ሳይቆረጥ፣
እንደ ደነገጠ ሰው ጸጉር ቀጥ ብሎ።
ወረቀቱ «አልወጣም» ይላል፤
ብረቱ «ማን ያውቃል»።

ዘጠኝ ክረምት።
ፌሮው ዛገ፤ ዝናቡ በነጩ ግድግዳ ላይ
ቀይ መስመር አሰመረ፣ እኔ ያልለካሁት።

ልሳኑ ሞተ። ድንኳኑ በአራቱ ሜትር ላይ ተተከለ፤
ይመር ሦስት ቀን አልተለየም፤ ወንበር ተሸከመ፣ ውሃ አቀበለ።
አርባው በወጣ ማግስት
ቢሮዬ መጣ። ወፍሯል። ከዘራ ይዟል።
«ወላሂ፣ አጥብቄ አስቤበታለሁ» አለ።
«ባንኩ እሺ ብሏል። ልሳኑ የለም፤ መስኮቱ ተዘግቷል፤
ልጆቹ አዳማ ናቸው። ማን ሊሞቀው ነው?
አራተኛዋን ፍቀድልኝ።»

ፋይሉን አወረድኩ። ጠርዙን አይጥ በልታዋለች፣
ሰማያዊው ቀለም ግን አልደበዘዘም።
አነበብኩለት፣ ቀስ ብዬ።
«አያ ይመር፣ ፀሐዩን የሰጡት ለመስኮቱ ነው።
መስኮቱ አልሞተም።»

ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ድምፅ አወጣ።
«ያ ሰውዬ» አለ፣ ፊርማውን በጣቱ እየነካ፣
«ክፉ ነበር። አሳምሮ ያውቀኝ ኖሯል ለካ።»
የያዘውን ማመልከቻ አልቀደደም፤
አልሰጠኝምም።
አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ዛሬ ጧት በዚያ አለፍኩ።
ፌሮው አልተቆረጠም፣ አልተቀጠለም።
ተከራዮቹ ከብረት ብረት ሽቦ ወጥረው
አንሶላ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ አንድ ነጠላ ካልሲ አስጥተዋል።
ከማዶ፣ የልሳኑ መስኮት ላይ፣
ፀሐይ ቆማለች፤
ሰዓቷን ልትወስድ መጥታ
ሱቁን ዝግ ያገኘች ደንበኛ ይመስል።