ያልነሳ ሞተር

ከወደቡ አጠገብ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር
ሃያ ዓመቴ ሆነ ሞተር ስፈታ፣ ሳስር።
እጄን ናፍጣ በላው፣ ጆሮዬ ግን ደህና፤
ጀልባ ሲያስል እለያለሁ፣ ገና መሃል ታና።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ሲልልኝ፣
ቲኬት ቆራጩ ይበልጣል «ይቺን እያት» አለኝ።

ጥቁር ሰሌዳ፣ ካርታ፣ ዩኒፎርም ያላት ልጅ፤
ማስመሪያ በእጅ።
ጫፉ ሐይቁን ነክቷል፤ ምላሷ ግን ፈርታ
«ዓባይ የሚወጣው ከ... ታ... ታ... ታ...»
ከሥሩ ከበሮ ጨምረውበታል፤
በ«ታ»ው ልክ አንገቷ እስክስታ ይመታል።

ሳቅሁ።
ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ሳቅሁ።
«ላክልኝ» አልሁት። ለወንድሜም ላክሁት፤
እሱ ለማን እንዳሻገረው እስከ ዛሬ አላወቅሁት።

ማታ ብቻዬን ሆኜ ደግሜ ስከፍተው፣
ከበሮው ትንፋሽ ሲወስድ፣ ከካሜራው ኋላ ያለው ሳቅ የማነው?
አጭር፤ መጨረሻው እንደ ፉጨት የሚቀጥን።
ይህን ድምፅ ጆሮዬ አይስተውም፤
የአባቴ ነበር፣ ከዚያ የኔ፣
አሁን የምንታምር፣ የልጄ፣
ከግድግዳው ማዶ የተኛው።

«ቀልድ ነው አባዬ፤ ሁሉም ስቆበታል።»
«ሁሉም» ያለው እኔን ነው፤ ምን መልስ ይገኛል?

ልጅቱ ትርሲት ናት፣ የባጃጁ አንማው ልጅ።
ከሰኞ ወዲህ ክፍል የለችም። ሱቅ ከላኳት
ዳቦውን ታመለክታለች፤ ስንት ሲሏት
ጣት ታወጣለች።

ዲሬክተሩ «ከግቢ ውጭ ነው» አለ።
ይበልጣል «እኔማ አጠፋሁት» አለ።
አጠፋሁት!
ያን ክረምት እምቦጭ ስንነቅል፣ ደረት ድረስ ገብተን፣
አረንጓዴውን ጉድ በእጃችን ጎትተን፣
አንዲት ሥር አመለጠችን፤
በሳምንቱ ሐይቁ መስክ ሆኖ ጠበቀን።

ሞተር ታ ታ ታ ብሎ አልነሳ ሲል
ማን ይስቃል? እኔ ዝም እላለሁ።
ጎንበስ ብዬ፣
የት ላይ እንደያዘው አዳምጣለሁ።
ለብረት የሰጠሁትን ጆሮ
ለሰው ልጅ ነፈግሁ።

ቅዳሜ ምንታምርን ይዤ ሽምብጥ ወረድሁ።
አንማው በሩን ከፈተ፤ ግቡ አላለን።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ልጄ ጫማውን ያያል።
ቀድሞ መናገር ያለበት የሳቀው ነው፣ የላከው፣
ትልቁ ሰው።
«እኔ...» አልሁ። «እ... እ...»
እንደገና፣ «እ...»

ከአንማው ትከሻ ኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ቆማለች።
አልሳቀችም።
ቃሌ እስኪመጣ ትጠብቃለች።